የወይኒቱ እርም

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ሳቄ የሚያመልጠኝ ሰው ነኝ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲመጣብኝ "በል መጀመሪያ የደም ግፊትህን ተለካ" የምል፣ ጎንደር ውስጥ አንድ ሆስፒታል ራጅ አንሺ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ፣ የሰው ደረት ውስጥ ሳይ የምውል ሴት ነኝ። እዚያ ውስጥ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ አጥንትና ሳንባ እንጂ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምነውም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

አንድ አመል አለብኝ። የድሮ ዘፋኞችንና የቲያትር ተዋናዮችን ፖስትካርድ እሰበስባለሁ፣ ያውም የሴቶቹን ብቻ። ድሮ ፎቶ ቤቶች የዘፋኞችን ፎቶ በፖስትካርድ መጠን እያተሙ ይሸጡ ነበር፣ ጥቁርና ነጩን ፎቶ ጉንጩንና ከንፈሩን በእጅ ቀለም ይቀቡታል፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ ይላላከዋል፣ ፀጉር ቤቶች መስታወታቸው ጥግ ላይ ይሰኩታል። እኔም ከጎንደር ፒያሳ አሮጌ ፀጉር ቤቶች፣ ከቅዳሜ ገበያ፣ ቤት ሲፈርስ ከሚወጣ ኮተት መሀል እየለቀምኩ አርባ አድርሼ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ዳዊት፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት "ሙታኖችሽ እንዴት አደሩ?" ይለኛል፣ እኔም "ካንተ ይሻላሉ፣ አይለፈልፉም" እለዋለሁ።

ባለፈው ክረምት እማማ የሻረግ የሚባሉ አሮጊት ከአምባ ጊዮርጊስ ለደረት ራጅ ተልከው መጡ፣ ነጠላቸውን ተቀብዬ ሳስቀምጥ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ስልኬ በራ፣ ስክሪኑ ላይ ያደረግኩት የአንዲት የድሮ ተዋናይት ፎቶ ነው፣ እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩትና "ይቺን ልጅ ከየት አመጣሻት? ቀሚሷ የእህቴን ይመስላል" አሉኝ።

"እህትዎ ዘፋኝ ነበሩ እንዴ?" አልኳቸው።

ግራ ቀኙን አዩ። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። "ነበረች" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስሟን ካፌ ካወጣሁት ግን ስንት ዘመኔ።"

ከዚያ ሸሚዛቸውን እንኳ ሳይቆልፉ አጫወቱኝ። ወይኒቱ ትባላለች፣ ታላቃቸው ናት፣ ልጅ ሳለች ከዳሯት ሰውዬ ጠፍታ አዲስ አበባ ገባች፣ ቲያትር ቤት ተቀጠረች፣ ዘፈነች። አባትየው "ከእኔ ቤት አዝማሪ አልወጣም" ብለው ስሟ እንዳይነሳ ገዘቱ፣ ሞተች የሚል ወሬ ሲመጣም ማንም እንዳያለቅስላት ገዘቱ። አባትየው ሲሞቱ የእማማ የሻረግ ወንድም ግዝቱን ያዘ። ወንድምየውም ባለፈው ዓመት ሞተና፣ የነፍስ አባታቸው ግዝቱን ፈቱላቸው።

"እኔም ሳልሞት እርሟን ላውጣ ብዬ ነው ልጄ" አሉኝ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ እርም ስበላ ኖርኩ።"

ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዘመድ ርቆ ሲሞት ሬሳው ባይኖርም ልብሱ ወይ ፎቶው ከለቀስተኛው ፊት ይቀመጥና ወግ ባለው ልቅሶ ይለቀስለታል፣ ያ እስኪሆን ድረስ የቅርብ ሰው የሚበላው እህል እርም ነው ይባላል። የራጅ ፊልማቸውን አይቼዋለሁ። ጊዜ እንደሌላቸው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

"ፎቶዋስ አለ?" አልኩ። አያችሁ እኔን፣ ሴትዮዋ የሚነግሩኝ ሌላ፣ ጆሮዬ ላይ የቀረው ሌላ።

ስለ አርባዎቹ ካርዶቼ አጫወትኳቸውና እሑድ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። እማማ የሻረግ ከሣጥናቸው ሥር፣ ከአሮጌ ሻሽ ውስጥ ፈትተው አወጡልኝ። ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ካርድ አይቼ አላውቅም፣ ከጀርባዋ በሸራ ላይ የተሳለ ደረጃ አለ፣ ረዥም ቀሚስ ለብሳለች፣ አንድ እጇ ደረቷ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ቀይ ተቀብቶ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከጀርባው "ለእህቴ ለየሻረግ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ" ይላል። አልዋሻችሁም፣ ያየኋት በሀዘን ሳይሆን በምኞት ነው።

"እማማ፣ ይህ ለልቅሶው ትንሽ ነው፣ ከሩቅ አይታይም፣ ይስጡኝና ላሳድግልዎት፣ ፍሬም ውስጥ አድርጌ አመጣዋለሁ" አልኳቸው።

"ሸጋ፣ ሸጋ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሰጡኝ።

አሳደግኩት። ባለመስታወት ፍሬም ውስጥ አስገብቼ በሳምንቱ ወሰድኩላቸው። ትንሿን ካርድ ግን ፎቶ ቤቱ ሲሠራባት ተበላሸች ብዬ ዋሸኋቸው። ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ብትሰሙ፣ ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል፣ ትልቁ ይሻላቸዋል፣ ነገ ሲያልፉ ልጆቻቸው እሳት ውስጥ ነው የሚጥሏት፣ እኔ ጋ ትቀመጣለች። እማማ የሻረግ ትልቁን ፎቶ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ መስታወቱን ነካ አደረጉና "እሺ ልጄ" አሉኝ። ልቅሶው ለቀጣዩ ቅዳሜ ተቆረጠ።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ነው፣ ያውም ማታ እንዳይመስላችሁ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የምኖረው ቀሐ አካባቢ ነው፣ ዝናቡ አባርቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከጠዋት ፈረቃ ገብቼ አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው "እህ፣ እህም" ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አከራዬ ናቸው ብዬ "አቤት!" አልኩ። መልስ የለም። ወጥቼ ሳይ በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። የካርዶቼ አልበም የተቀመጠበት ብፌ ብቻ ነው ያለው። የጎረቤት ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።

ረቡዕ በዚያው ሰዓት ደገመ። ከጉሮሮው በፊት ግን እርምጃ ነበረው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ አራት ሄዶ ቆም፣ አራት ተመልሶ ቆም። ድምፁ የእንጨት ወለል ድምፅ ነው። እኔ ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሲሚንቶ! ቆሜ ያዳመጥኩት ከብፌው ሁለት ክንድ ራቅ ብዬ ነው፣ ሄድ መለስ፣ ሄድ መለስ፣ ከዚያ "እህም"። ተማሪ ሳለሁ ድራማ ክበብ ውስጥ ነበርኩ፣ መጋረጃው እስኪከፈት ከኋላ የሚጠብቅ ሰው እንዲያ ነው የሚሆነው። ይህን ሳስብ ወንበሩን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ካርዷን ከአልበሙ አወጣኋት። የሥራ አመል ሆኖብኝ አዲስ የራጅ ፊልም ሳይ ከድሮው ጋር ሳላስተያይ አልፈርድም፣ አምባ ጊዮርጊስ በስልኬ ያነሳኋትን ከፈትኩና ከካርዷ ጎን አደረግኩት። ስልኩ ላይ ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ካርዷ ላይ ተከፍቷል። ብዙ አይደለም፣ ትንፋሽ ለመሳብ ያህል። ዓይኔ ነው ብዬ ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ለዳዊት አሳየሁት፣ ምንም ሳልነግረው፣ "ልዩነት ካለ ንገረኝ" ብቻ ብዬ። አየ፣ አየ፣ ያ ለፍላፊ ልጅ ቀልድ አልቀለደብኝም። ካርዷን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ መለሰልኝና "የማን እንደሆነች አላውቅም፣ መልሻት" ብሎኝ ወጣ።

ቅዳሜ ዕለት ቤት ትቻት መሄድ ስለፈራሁ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻት ሄድኩ። ልመልሳት ቆርጬ ነው እንዳልላችሁ፣ ሌባነቴን በአገር ፊት መግለጥ ሞት ሆኖብኝ ነበር።

ድንኳን ተተክሏል፣ ያሳደግኩት ፎቶ ወንበር ላይ ነጠላ ተጎናጽፎ ተቀምጧል፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን አስረው ተሰብስበዋል። ደብሬ የምትባል አልቃሽ አለች፣ በወገራ እሷን የሚያህል የለም ይላሉ፣ ድንጋይ ታስለቅሳለች። ጀመረች። ስንኙ መሀል ድምፏ እክ ብሎ ቀረ። ውኃ ጠጥታ እንደገና ጀመረች፣ እንደገና እክ። ሴቶቹ ደረታቸውን ቢደቁም ልቅሶው አልሞቅ አለ፣ አንዷ ስታዛጋ አይቻለሁ። እማማ የሻረግ መሀል ተቀምጠው ዓይናቸው ደረቅ እንደሆነ ፍሬሙን ያያሉ። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ቀን ነው፣ ሌላ ቀን ደግሞ አይኖራቸውም፣ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

"አልወጣልኝም" አሉ ጎናቸው ላለችው ሴት፣ "ምነው እናንተ፣ ምነው አልወጣ አለኝ?"

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው። ከውስጡ "እህም" አለ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔ መስዬአት።

ተነሣሁ። ፎቶውን የማስተካክል መስዬ ሄጄ ትንሿን ካርድ ፍሬሙ ጥግ ላይ ሰካኋት። መዳፍ የምታህል ናት። እማማ የሻረግ በዚያ ሞራ በያዘው ዓይናቸው፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ "ወይኑዬ!" ብለው ጮኹ፣ እኔ ልንገራችሁ አልችልም፣ ያ ጩኸት የሰማንያ ዓመት ሴት ጩኸት አልነበረም። "ወይኑዬ፣ ጠበቅኩሽ እኮ! ጠበቅኩሽ እኮ!" ደረታቸውን መቱ፣ ከወንበር ወደቁ፣ ሴቶቹ ሊይዟቸው ሲነሡ ደብሬ ድምፏ ተከፈተ፣ ድንኳኑ ሁሉ በልቅሶ ነደደ። እኔም አለቀስኩ፣ ለማላውቃት ሴት ስቅ እስኪለኝ አለቀስኩ።

በመሀሉ ደብሬ ስንኝ ጥላ ሴቶቹ ሊቀበሏት ሲሉ አንድ ድምፅ ቀደማቸው። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ መጨረሻውን አስረዝሞ የሚይዝ፣ እንደ መድረክ ዘፋኝ እንጂ እንደ ለቀስተኛ አይደለም። ሦስት ጊዜ ተቀበለ። በሦስተኛው ደብሬ አቁማ ዞረች።

"ማናት የምትቀበለኝ?" አለች።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም እኔ ነኝ አላለም። ያኔ ሁሉም የሰማ ይመስለኛል፣ ግን ከዚያ ወዲህ የጠየቅኳቸው ሁሉ ወሬውን ያስቀይሱብኛል።

ለቀስተኛው ሲበተን እማማ የሻረግ አስጠሩኝ። ፊታቸው አባብጧል፣ ግን ቀልሏቸዋል፣ እንጀራ ቆርሰው እየበሉ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

"ትልቁን ስትሰጪኝ አውቄ ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ፣ እማማ?"

"የኛ ቤት ሰው እሷን የደበቃት አፍሮባት ነው፣ እኔም ጭምር። ወዳት የደበቃት ሰው ካንቺ ሌላ አላየሁም፣ ምን ብዬ ልቆጣሽ?" ካርዷን በሻሹ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጉርሻም አጎረሱኝ። ከዚያ እጄን ይዘው "ሌሎቹስ?" አሉኝ።

"የትኞቹ?"

"አርባ አሉኝ አላልሽም? ለእነሱስ ተለቅሶላቸዋል?"

ለዓመታት የለቀምኳቸው ቀሚሳቸውን፣ ቀለማቸውን፣ የፎቶ ቤቱን ማኅተም እያየሁ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ የማን ልጅ ናቸው ብዬ አላውቅም። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እማማ የሻረግ በአራተኛው ሳምንት አረፉ፣ ካርዷም አብራቸው ተቀበረች፣ እኔም ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ አልበሙን ይዤ የምዞር ሆኛለሁ። ጀርባቸው ላይ ስም ያለባቸው አሥራ ሦስት ብቻ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ፣ ባለ ጉትቻዋን፣ መጀመሪያ የገዛኋትን፣ ስሟን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩአትና "ምንሽ ናት?" አሉኝ።

"እህቴ ናት" አልኳቸው። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላሰብኩትም። ሽማግሌው አዘኑልኝ፣ ግን አላወቋትም።

ይኸው እህቴ ናት ካልኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ ምሳዬን ከፍቼ ቁጭ እላለሁ፣ እጄ ከአፌ ሳይደርስ ይቆማል። ዳዊት ምርመራ አስደርጎኝ ነበር፣ ሁሉም ደህና ነው። ትናንት ሲብስብኝ ለደብሬ ደወልኩላት፣ ኑሪልኝ፣ ለአንዲት ሴት ላስለቅስ ነው፣ ትመጫለሽ ወይ አልኳት።

"እንዴታ፣ እመጣለሁ" አለችኝ፣ "ስሟን ብቻ ንገሪኝ፣ ማን ብዬ ልጥራት?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የባለ ጉትቻዋን ካርድ ገለበጥኩት፣ ጀርባው ባዶ ነው። ደብሬም ብዙ ጠበቀችኝ።