የባሕሩ በርና ለጋሹ አውሬ

የአርዳም የባሕር በር ቀይ ዕንባ ማፍሰስ የጀመረው ልዑል ዋልታን የመዳብ ጋሻውን በቸነከረበት ማግስት ነበር።

ይህ ግዙፍ የብረት በር ከጥንት ጀምሮ የሰመጡትን ከሕያዋን ይለያል። ግማሽ አካሉ ጨዋማው ውኃ ውስጥ ነው። አልጋ ወራሽ የሆነ ሁሉ ለበሩ ክብር የመዳብ ጋሻ ይቸነክርበታል። አሁን ግን ብረቱ እየተላጠ ረገፈ፤ በቀዳዳዎቹም ነጫጭ ጣቶች ብቅ አሉ። ከጣቶቹ ኋላ በማዕበል የሞተው ንጉሥ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ክፈትልኝ፤ በርዶኛል» ይላል።

ንግሥት ሰፍራ ከዙፋናቸው ተነሡ። «በሩ ክብር ቢጎድልበት ነው። ሌላ ጋሻ ይጨመር!»

«እናቴ፣ ጋሻዎቹ ውኃ ውስጥ ሆነውም እንደ አዲስ ያበራሉ። የሚበላው አጠገባቸው ያለው ብረት ነው» አለ ዋልታን።

«የአባትህን ጋሻ ጠላት ልታደርገው ነው? ከእሱ የቀረኝ እኮ ያ ብቻ ነው።»

ልዑሉ ተንበረከከ። «በባሕሩ በር እምላለሁ፤ መድኃኒቱን ሳልይዝ ፊትዎ አልቆምም።»

የአንጥረኛው ልጅ ትርንጎ ጀልባ አቀረበችለት። «መቅዘፍ ትችላለህ ወይስ እሱንም በአዋጅ ነው የምታስደርገው?» አለችው። የብረትን ምሥጢር የሚያውቅ አውሬ ይኖርበታል ወደሚባለው ግራጫ ደሴት ሲቀዝፉ ከሥራቸው አንዳች ነገር የጀልባዋን ወለል በቀስታ ያንኳኳ ነበር። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

በደሴቱ ዋሻ ውስጥ ቆዳው ግራጫ ማዕድን የሆነ፣ በሬ የሚያህል አውሬ ተኝቷል። የጥንት ሰዎች ለጋሽ ይሉታል። የመጡበትን ነገሩት።

«ችቦሽን ተመልከቺ» አላት ትርንጎን። «የችቦው መንደድ፣ የእናንተ መተንፈስ፣ የበሩ መዛግ፣ ሥራቸው አንድ ነው። አንዱ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ይሰጣል፤ ሌላው ይቀበላል። እሳት ይቸኩላል፤ ዝገት ይዘገያል። እናንተ ግን ብረቱን በጨው ውኃ ውስጥ ከመዳብ ጋር አስተሳሰራችሁት። መዳቡ የብረቱን ስጦታ እየተቀበለ ውኃው ውስጥ ላለው አየር ያሳልፋል። ስለዚህ መዳቡ ያበራል፤ ብረቱ ያልቃል፤ ጋሻው በበዛ ቁጥርም ፈጥኖ ያልቃል።»

«አንተስ?» አለ ዋልታን።

«እኔ ለመስጠት ከብረት እቀድማለሁ። ከበሩ ጋር እሰሩኝ፤ በእሱ ፈንታ እኔ እበላለሁ።»

«ይህን የሚያህል አውሬ እንዲህ ቂል ነው እንዴ!» አለች ትርንጎ፤ እጇን ግን ግራጫ ቆዳው ላይ አሳረፈች።

አውሬው ሳቀ፤ ሳቁ የተሰነጠቀ ደወል ይመስላል። «ልጄ፣ እዚህ ተኝቼ ለማን ልኑር?»

አውሬውን ይዘው ሲመለሱ በሩ ያቃስት ነበር። ዋልታን የሰማውን ለእናቱ ነገራቸው። ወታደሮች ጋሻዎቹን ነቀሉ፤ የንጉሡን ጋሻ ግን ማንም ሊነካ አልደፈረም። ንግሥቲቱ ራሳቸው ውኃው ውስጥ ገቡ። ነጫጭ ጣቶች የቀሚሳቸውን ጠርዝ ያዙ። «ሰፍራ፣ ይህንንም ልትወስጂብኝ ነው?» አለ ድምፁ። እያለቀሱ ችንካሩን ነቀሉት።

ትርንጎ ራቁት ብረት እስኪታይ ዝገቱን ፋቀች። ለጋሽ ጎኑን በሩ ላይ አስደገፈ፤ በሰንሰለት አጥብቀው አሰሩት። ቆዳው ቀስ በቀስ ነጭ ዱቄት ሆኖ ወደ ውኃው ይረግፍ ጀመር። ቀዩም ዕንባ ቆመ። አንጥረኞች ቀዳዳዎቹን በብረት ሲደፍኑ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ዋልታን ከዚያ ወዲህ ከበሩ አልራቀም። አውሬው ከወቅት ወቅት እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ አንዲት ጆሮው ብቻ ቀረች። ከደሴቱ ቆፍረው ያመጡት አዲስ ግራጫ ማዕድን አጠገቧ ሲታሰር ልዑሉ ጎንበስ አለ።

«ለጋሽ፣ ያምሃል?»

ያቺ የአውሬው ጆሮ ስትሟሟ፣ የአባቱ ድምፅ ይሰማበት ከነበረው ከበሩ ወዲያ፣ የተሰነጠቀ ደወል የመሰለ ሳቅ ተሰማ።

«አባትህ በርዶት ነበር፤ አሁን ተደግፎኝ ተኝቷል። አንተ በሩን ጠብቅ።»