ያልሞተ ድንጋይ

«ቲቸር! ዙለይሃ የለኝም ያለችው ደብቃ ነው! ይኸው አራት ፍሬ ድንጋይ!»

የክፍሉ አለቃ ባድሩ የዙለይሃን ቦርሳ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ በሌላው የባትሪ ድንጋዮቹን ከነቻርጀራቸው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ቲቸር ግን ገና አልገቡም። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

የዚያን ቀን የስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ሊቀባ ነበር። ከመንጣቱ የተነሳ የጠመኔው ጽሑፍ አልለይ ካለ ሰንብቷል። እዚያ ትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚጠቁረው እንዲህ ነው፦ ተማሪው ከየቤቱ ኃይሉ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ያመጣል፤ ድንጋዩ ይቀጠቀጥና ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ይወጣል፤ በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ በጨርቅ ይቀባል። መምህር ምንይችል ትናንት «ሁለት ሁለት የሞተ ድንጋይ ይዛችሁ ኑ፤ ያላመጣ አይገባም» ብለው ነበር። የባድሩ እጅ ከጠዋት ጀምሮ ጥላሸት መስሏል።

ዙለይሃ ተስፈንጥራ ተነሳች። «አምጣ! እነሱ የሞቱ አይደሉም፤ ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው።»

«ኧረ ባክሽ! ይተነፍሳሉ በያ?»

«ካንተ ይሻላሉ!»

ሳቁ ወደ ባድሩ ዞረ። ባድሩም ፊቱ ቀላና መቀጥቀጫውን አለት አነሳ። «እስቲ አንዱን ልምታው፤ ከጮኸ እተወዋለሁ።»

ዙለይሃ የእጁን አንጓ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

እነዚህ ድንጋዮች እነ ዙለይሃ ቤት የገቡት በሙግት ነው። አባቷ ሰዑድ ዕድሜ ልኩን የለመደው ሌላ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ድንጋዩን አውጥቶ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርገዋል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ እምቢ ሲል ከአጥሩ ጀርባ ይወረውረዋል። ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ቻርጅ የሚደረገውን ስታሳየው «ልጄ፣ የሞተ ሲነሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ከሱቁ ደጃፍ ንቅንቅ አልል አለች። ባለሱቁ ከየዓይነቱ ቀላቅሎ ሊሰጣት ሲል «አይሆንም፣ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ» አለች። ቻርጀሩንም፣ ሲሞላ ቀዩ መብራት ወደ አረንጓዴ የሚለወጠውን መርጣ ያዘች። «ተራውን ድንጋይ እዚህ ውስጥ እንዳትከቱት፤ ያብጥና ውስጡ ይፈስሳል» ብላ ቤተሰቡን ሁሉ አስጠነቀቀች።

ሳምንት ሳይሞላ ምን ሆነ? ሰዑድ የድሮ ልማዱ አሸንፎት አዲሶቹን ድንጋዮች ቆርቆሮው ላይ አስጥቷቸው አገኘችው። «አባዬ! እነዚህ ፀሐይ አይጠጡም፤ መብራት ነው የሚጠጡት!» አለችው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴው ሲበራ የሚጠራት እሱ ነው፦ «ዙለይሃ! በስለውልሻል!»

ሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል። ማታ ማታ መብራት ስለሚጠፋ የምታጠናው በእነዚያ ድንጋዮች በሚሠራ የግንባር ባትሪ ነው። ሰሞኑን የሰፈሩ የመብራት ፖል በነፋስ ወድቆ፣ ከትምህርት መልስ ከተማ አክስቷ ቤት ቻርጅ ልታደርጋቸው ይዛቸው ትዞራለች።

«ምንድን ነው ጫጫታው?» መምህር ምንይችል በሩ ላይ ቆመዋል።

ባድሩ ነገሩን ነገራቸው፤ ትንሽም ጨመረበት። መምህሩ አንዱን ድንጋይ አገላብጠው አዩት። «ዙለይሃ፣ ሰሌዳው የሁላችን ነው። ለሁላችን ሲባል ይሄ ቢሰበር ምን አለበት?»

«ይቅርታ ቲቸር፣ አልሰጥም። ገና ብዙ ማታ ያበሩልኛል።»

«እንግዲያው የሞተ አምጪ።»

«የለንም።»

«የሞተ ድንጋይ የሌለበት ቤት ደግሞ አለ?»

«የኛ ቤት።»

አንዱ ከኋላ «ጉራ!» አለ። ይሄኔ የዙለይሃ ጓደኛ ሰሚሃ በዴስኩ ሥር ሁለት የዛጉ ድንጋዮች መዳፏ ላይ ሸጎጠችላት። «የኔ ናቸው በይ። እኛ ቤት ሞልቷል፤ ወላሂ ማንም አያውቅም» አለች በሹክሹክታ።

ቀላል ነገር ነበር። እጇን መዘርጋት ብቻ፤ ከዚያ መቀመጥ። ሳቁም ያበቃ ነበር። ግን «ከነሰዑድ ቤት የመጣ የሞተ ድንጋይ» ተብሎ ሊቀጠቀጥ ነው። ያ ሁሉ ሙግት፣ ያ ሁሉ «በስለውልሻል» የት ሊገባ ነው? ድንጋዮቹን ወደ ሰሚሃ መዳፍ መልሳ ጣቶቿን አጠፈችላት።

«አላህ ይስጥሽ፤ ግን የኔ አይደሉም።»

«በይ እንግዲህ» አሉ መምህሩ፤ «ሰሌዳው ተቀብቶ እስኪያልቅ ውጪ ትቆያለሽ።»

ቦርሳዋን፣ ድንጋዮቿንና ቻርጀሯን ከባድሩና ከመምህሩ እጅ ተቀብላ ወጣች። ጀርባዋን አላጎበጠችም። ደጅ ያለው ወይራ ሥር ተቀምጣ የሒሳብ መጽሐፏን ገለጠች። ከታች ሐይቁ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተከፈተና ተማሪው ከጥቁሩ ዱቄት ብናኝ የተነሳ እየሳለ፣ ዓይኑን እያሸ ተግተልትሎ ወጣ። ሰሌዳው ጠቁሯል፤ እርጥብ ስለሆነ ግን እስከ ነገ ጠመኔ አይነካውም። በመጨረሻ መምህር ምንይችል እጃቸው በጥቁሩ ቀለም ተለቅልቆ ወጡ። ወደ ዙለይሃ ሳይመለከቱ «እዚሁ ጥላው ሥር እንማር» አሉ።

ተማሪው ዙሪያዋን ተቀመጠ። ባድሩም መጥቶ አጠገቧ ዘጭ አለ። «ያው እኛም ተባረርን!» ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነት ግን፣ መብራት ሲጠጡ ይሞቃሉ?»

«ትንሽ ለብ ይላሉ።»

«ዙለይሃ» አሉ መምህሩ፣ «የሰባተኛ ክፍል ሰሌዳ ደግሞ ነገ ይቀባል። ያንቺን ሁለት ድንጋይ እጠብቃለሁ።»

«የለንም ቲቸር።» አልጮኸችም፤ አንገቷንም አልደፋችም።

መምህሩ መጽሐፋቸውን ከፈቱ። «የት ላይ ነበርን?»

ዙለይሃ የቆሙበትን ምዕራፍ ነገረቻቸው። ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገች። ነገም የምትመጣው ባዶ እጇን ነው። ቢያባርሯትም የወይራው ጥላ አለ።