አግድም የሄደው ነጭ

ሠዓሊው ጭንቅላቱን ተመትቶ ሸራው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ሟቹ ዕድሜውን ሁሉ ነጭ በነጭ ላይ ሲቀባ ነው የኖረው። መርማሪዋ ጠዋቱን ሙሉ ብታፈጥበት ጠብ የሚል ነገር አጣች። የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አለቃዋ ግን አላስችል ብሎት ከሦስቱ አንዱን፣ የሟቹን ታናሽ ወንድም በካቴና አስሮታል፤ ሌላ ፍንጭ ካላገኘች ልጁ ለፍርድ መቅረቡ ነው።

«ከወንድምህ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ» አለችው።

«ቀለም የምበጠብጥለት እኔ ነኝ። አቀጠንከው ብሎ ተቆጣኝ። በየቀኑ ይቆጣኛል እኮ!»

ሚስቲቱ እንባ አልወጣትም። «እኔ ሥዕል አላውቅም፤ የማውቀው ክንዱን ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ሲደርቅ ደግሞ ከላይ ወደ ታች። ትከሻውን ሳሽለት የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ሦስተኛው ሥዕሎቹን የሚሸጥለት ነጋዴ ነው፤ ለአፉ ለከት የለውም።

«ሸካራነቱን ይመልከቱልኝ! ዝምታ እኮ ነው!»

«በየት በኩል ነበር የሚቀባው?»

«መንፈሱ ወደመራው!»

ሁሉም መርማሪዋን እዪ ይላታል፤ ምኑን ትይ? ሲመሽ በንዴት የክፍሉን መብራት አጥፍታ ስትዞር ጠረጴዛው ላይ የበራውን ፋኖስ ገፋችው፤ ወለሉ ላይ ወድቆ ብርሃኑ ሸራውን በጎን መታው። ያ ልሙጥ የመሰለው ነጭ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆነ፤ ሁሉም ወደ ታች። ከጉልበት ከፍ ብሎ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ብሩሹ አግድም ሄዷል። በጥፍሯ ጫር ብታደርገው ሥሩ ደም ነው።

ሦስቱንም አስጠራች፤ አለቃዋም እየተነጫነጨ መጣ። ፋኖሱን በጎን ያዘችላቸው።

«ደሙ ሸራው ላይ ተፈናጥቋል፤ ገዳዩ በነጭ ሸፈነው። ወንድምየው ቢሆን ወደ ታች ይስበው ነበር፤ እጁ የለመደው ያንን ነው። ሚስቱም አቅጣጫውን ነግራኛለች። አግድም የሚቀባው፣ ነጭ ሁሉ አንድ የሆነበት ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ፣ ‹መንፈሱ ወደመራው› አሉኝ።»

ነጋዴው በጣቱ ወደ ሸራው ጠቆመ። «ለኤግዚቢሽኑ ቃል ገብቼበት፣ አላለቀም፣ አልሰጥህም አለኝ! ነጭ እኮ ነው፤ ምኑ ነው የሚያልቀው?»

አለቃዋ የልጁን ካቴና ፈትቶ ወደ ነጋዴው ዞረ። ነጋዴው ግን ዓይኑ ሸራው ላይ ወደ ታች በወረዱት ትልሞች ቀርቷል።

«እትዬ» አላት ሚስቲቱን፣ «ሁልጊዜም… እንዲህ ነበር?»

«ሁልጊዜም» አለች። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።