ከግድግዳው የወረደው ዲመር

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ካርቱም ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሰው ቤት ሽቦ ስቀጥል ኖሬያለሁ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት «ቤታችን ውስጥ ጂኒ ገብቷል» ብለው ከጠሩኝ ሰዎች ዘንድ አንድም ጂኒ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት የላላ ሽቦ፣ ውሃ የገባበት ሶኬት፣ አንዴም ኮርኒስ ውስጥ የወለደች ድመት ነው። እመኑኝ፣ በበዓል ቀን ጓደኞቼ ተሰብስበው የቡዳና የዛር ወሬ ሲያመጡ «ቴስተር አለኝ፣ እንለካዋ!» እያልኩ የማበላሽባቸው እኔው ነበርኩ። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ሳወራ ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ግን የሆነ ነገር ነው፣ ምን ላድርገው።

ጊዜው ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ከተማው ገና ከተማ ሳለ። አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ጽጌ የምትባል የአገራችን ልጅ ሐጃ ዘይነብ የሚባሉ አሮጊት ቤት ትሠራ ነበር፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንተያያለን፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት፣ በሆነ ባልሆነው የምትደውል አይደለችም። አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ደወለች።

«ጋሽ ምትኩ፣ ሥራ ላይ ብትሆንም ተወውና ና። ሐጃን ሊወስዷቸው ነው።»

«ማን ነው የሚወስዳቸው?»

«ልጃቸው። ዶሃ። በመብራቱ ምክንያት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐጃ ባል ኡስታዝ ዑስማን አስተማሪ ነበሩ፣ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ የመግሪብን ሶላት ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ብርሃን ዓይናቸውን ስለሚያመው፣ የሳሎኑን መብራት በዲመሩ፣ ብርሃን ዝቅና ከፍ በሚያደርገው ባለ መዘውር ማብሪያ፣ ዝቅ አድርገው ራዲዮናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሰላሳ ዓመት እንደዚያ። ለለቅሶው ከዶሃ የመጣው ልጃቸው ሐቲም ታዲያ ለእናቱ አስቦ የቤቱን አምፖሎች በሙሉ በኤልኢዲ ቀይሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሐጃ በስልክ «አባትህ እኮ ማታ ማታ እየመጣ መብራቱን ዝቅ ያደርግልኛል» ይሉታል፣ ያውም በደስታ። ልጁ ደነገጠ፣ የእናቴ ጭንቅላት ሊለቅ ነው ብሎ ቤቱን ዘግቶ ሊወስዳቸው ለቅዳሜ ቲኬት ቆረጠ። እሳቸው ደግሞ አርባ አንድ ዓመት የኖሩበትን ቤት ጥለው መሄድ ማለት መቀበር ሆኖ ነው የታያቸው።

ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ሆኜ ወደዚያው ስሄድ ልጁ ራሱ ደወለልኝ፣ ቁጥሬን ጽጌ ሰጥታው ነው።

«ያ መሐንዲስ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ካህረባው ነው ወይስ የእናቴ ጭንቅላት? ካህረባው ከሆነ ወላሂ ቲኬቱን እሰርዛለሁ።»

«ያ» የአረብኛው «አንተ» ነው፣ ካህረባ የሚሉት ኤሌክትሪክን ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ እዚያ ግን ፒንሳ የያዘ ሁሉ መሐንዲስ ነው። አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት፣ እውነቱን ለመናገር ግን ሳላየውም አውቄዋለሁ፣ በሆዴም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነቱን ብልሽት በየሳምንቱ ነው የምሠራው። አያችሁ፣ የድሮ ዲመር የተሠራው ለድሮው ባለ ክር አምፖል ነው፣ እንደዚያ ዓይነት ስድስት አምፖል ብዙ ካህረባ ይጎትታል፣ ዲመሩም ያን ሸክም ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። አምፖሎቹን በኤልኢዲ ስትቀይሯቸው ሸክሙ በአንዴ ይቀላል፣ ዕድሜውን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም የኖረን ሰው የቡና ፊንጃን ስታሲዙት እጁ ይንቀጠቀጥ የለ፣ እንደዚያ ነው። መብራቱ ይርገበገባል፣ በራሱ ዝቅ ይላል፣ አጥፍታችሁትም ጭል ጭል ይላል። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲያበራ የመስመሩ ኃይል ስለሚወርድ ይብስበታል፣ መግሪብ ደግሞ ያው አመሻሽ ነው። ይኸው ነው እንግዲህ የኡስታዝ ዑስማን መንፈስ አልኩ ለራሴ።

ሐጃ ነጭ ቶባቸውን ተከናንበው ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል፣ መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃቸው፣ ጣታቸው ላይ ነው። ሰላም አልኳቸው፣ ቦርሳዬን አዩትና፣

«ያ ወለዲ፣ ልታባርረው ነው የመጣኸው?» አሉኝ፣ ወለዲ ልጄ ማለት ነው።

«ማንን ሐጃ?»

«ዑስማንን።»

«ኧረ እኔ ሽቦ ነው የማየው።»

«እሺ፣ እይ። እሱ ግን ዝቅ ዝቅ ያደርገውና ሊጠፋ ሲል ትንሽዬ ይመልሰዋል። ሁልጊዜ እንዲያ ነበር። ካህረባ እንዲህ ያደርጋል?»

ሳቅ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ብሬከሩን አወረድኩ፣ በቴስተር አረጋገጥኩ፣ አሮጌውን ዲመር ፈታሁት። ክብ ነው፣ ነጭ የነበረው ቀለሙ ቢጫ ሆኗል፣ መዘውሩ ላይ ኡስታዝ በቢላ ጫፍ የጫሯት መስመር አለች፣ የት ላይ እንዳለ በእጃቸው ዳብሰው እንዲያውቁ ነው አለች ጽጌ። ከመፍታቴ በፊት ለመሞከር ሙሉ ላይ አድርጌው ስለነበር መስመሯ ወደ ላይ ነበረች፣ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ እናንተም አስታውሱልኝ። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

አዲሱን፣ ለኤልኢዲ የተሠራውን ዲመር ገጠምኩ። ዝቅ ማለት የሚችሉ አምስት አምፖሎች አደረግሁ፣ ስድስተኛውን ሆን ብዬ የድሮ ባለ ክር አምፖል አደረግሁት፣ ለዲመሩ ትንሽ ሸክም ይሆነዋል። ከዚያ የታችኛው ልክ የሚባል አለ፣ በትንሽ ካቻቢቴ ነው የሚስተካከለው፦ ብርሃኑን ቁልቁል ታወርዱና መርገብገብ ሲጀምር ትንሽ መለስ ታደርጉታላችሁ። ሐጃ ይህን ሳደርግ ቀና ብለው አዩኝና «አየህ» አሉ። ሥራው ግን አማረልኝ፣ እንደ ቅቤ ነው የሚወርደው፣ እንደ ቅቤ ነው የሚወጣው። ሙሉ ላይ አድርጌ ትቼው ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ይሄኔ ጽጌ ከጓሮ እየሮጠች ገባች፣ «ሐቡብ! ሐቡብ መጣ!» የአሸዋ ማዕበል ነው፣ መስኮት ለመዝጋት ተሯሯጥን፣ ሰማዩ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጡብ መሰለ፣ ቀጥሎ ምንም የለም፣ ጠቆረ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን በቅጡ አልሞላም። ጽጌ እርጥብ ጨርቅ በሩ ሥር ጎዘጎዘች። በአቧራው ውስጥ መውጣት አይታሰብም፣ ሦስታችን በመብራቱ ሥር ቁጭ አልን፣ አሸዋው መስኮቱን ይጭራል፣ ሐጃ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር። እንዲህ ሆነን ከቆየን በኋላ የመግሪብ አዛን ከሩቅ፣ በአቧራው ታፍኖ ተሰማ።

አዛኑ እንዳለቀ ቅርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ነው፣ የዲመር መዘውር ሲዞር የሚያሰማው፣ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም የማውቀው። መብራቱም መውረድ ጀመረ። መርገብገብ አይደለም፣ መርገብገብን አውቀዋለሁ፤ ይህ ቀስ ብሎ፣ በእጅ ልክ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ የባለ ክሩ አምፖል ክር ቀይ ሆኖ እስኪታየኝ ድረስ ወረደ፣ ሊጠፋ ሲል ትንሽዬ ተመለሰ። እዚያው ቆመ።

ሐጃ ቀና እንኳን ሳይሉ ወደ በሩ «ወዓለይኩሙ ሰላም» አሉ።

ማንም ሰላም ያለ የለም። በሩ ዝግ ነው፣ ሥሩ ጨርቅ አለ።

እኔ ፈራሁ፣ ፈርቼም ተነሣሁ፣ ምክንያቱም የሠራሁት ሥራ ነው፣ ስሜ ያለበት ነው። አዲሱ ዲመር ጋ ሄድኩ፣ ሙሉ ላይ ነው። በእጄ አወረድኩት፣ አወጣሁት፣ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። የመስመሩ ኃይል ወርዶ ነው ብዬ ቴስተሬን ሶኬቱ ላይ ሰካሁ፣ ካህረባው ሙሉ ነው። ያን ጊዜ ጽጌ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ በሹክሹክታ፣

«ጋሽ ምትኩ፣ ይቺን አንተ ነህ ያዞርካት?»

አሮጌው ዲመር ያስቀመጥኩት ቦታ ላይ ነው፣ ሽቦ የለው፣ ምን የለው፣ ከጀርባው ባዶ ብሎኖቹ ይታያሉ። መስመሯ ግን ወደ ታች ዞራለች፣ ከመጨረሻው ትንሽዬ መለስ ብላ። ጽጌ አማተበች። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ መልሼ ሰበሰብኩት።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ስልኬ የጮኸው። ሐቲም ነው።

«ያ መሐንዲስ፣ አየኸው? ምንድን ነው?»

ሐጃ አሁን ቀና ብለው አዩኝ። ልመና የለበትም አስተያየታቸው። በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም፣ ያልተበላሸውን ተበላሸ ብዬ አላውቅም፣ እንደምታዩት ግን የማውቀውን ብናገር ቅዳሜ ሴትየዋን ይወስዷቸዋል፣ ምናልባት እኔንም ሐኪም ጋ ይወስዱኛል።

«ካህረባ ነው» አልኩት። «ዲመሩና አዲሶቹ አምፖሎች አልተስማሙም። እናትህ ምንም አልሆኑም።»

«ተሠራ?»

«ተሠራ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ሲያለቅስ ሰማሁት። ቲኬቱ በዚያው ተሰረዘ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ፣ የእኛ ሙያ ሰው ካልሆነ የማይሠራው ስህተት። ከሰው ቤት ያወጣነውን አሮጌ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ መክተት ልማድ ነው፣ ብሎኑ ይጠቅማል፣ ሌላ ቀን መለዋወጫ ይሆናል። ሐቡቡ ሲያባራ ለመውጣት እንዴት እንደቸኮልኩ አትጠይቁኝ፣ እጄ እንደለመደው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ ከቷል። ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ስፈታ አሮጌው ዲመር አብሮኝ መጥቷል።

መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት፣ መስመሯን ወደ ላይ አዞርኳት። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ወደ ታች ዞራለች። ንዝረት ነው አልኩ፣ መንገዱ ቅርብ ነው፣ መኪና ያልፋል። መልሼ አዞርኩና መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። በማግስቱም ወደ ታች። በሦስተኛው ቀን ጽጌ ደወለች።

«ጋሽ ምትኩ፣ መብራቱ አይወርድም አሁን። ማታውን ሙሉ ቦግ ብሎ ነው የሚያመሸው። ሐጃ እዚያ ብርሃን ሥር ቁጭ ብለው ያነጋሉ፣ እህልም አልቀምስ ብለዋል። ‹አባረረው› ነው የሚሉት።»

የሴትየዋን ባል በቦርሳዬ ይዤባቸው ሄጄ እንደሆነስ? እንዲህ ብዬ ማሰቤ ራሱ አናደደኝ፣ ግን በዚያው ቅጽበት ዲመሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ረክሻ ያዝኩ። ሐጃ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረበት ቦታ መልሰው አስቀመጡት። አልተቆጡኝም። «ለሐቲም አትንገረው» ብቻ አሉኝ፣ «እኔም ከእንግዲህ አልነግረውም።» መግሪብ ሳይደርስ ወጣሁ፣ ለማየት አልፈለግሁም። ማታ ጽጌ «ራታቸውን በሉ» ብላ መልእክት ላከችልኝ፣ እኔም ሌላ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ከተማው ፈረሰ፣ ሁላችንም የቻልነውን ይዘን ወጣን። እኔ አሁን ጎንደር ነኝ፣ ጽጌም ለአገሯ በቅታለች። ሐጃን ልጃቸው በፖርት ሱዳን በኩል አውጥቶ ዶሃ ወሰዳቸው፣ በዚያ ቀን እምቢ ማለት አልነበረም። ጽጌ እንደነገረችኝ አንድ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የያዙት፣ ከቅያሪ ቶባቸውም ከመድኃኒታቸውም በፊት መጀመሪያ የከተቱት ያን ዲመር ነው።

ባለፈው ወር አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። ሐቲም ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ያ መሐንዲስ፣ እንዴት ነህ? ይቅርታ... የሳሎኔ መብራት ዝቅ ይላል። ቀስ ብሎ ይወርድና ሊጠፋ ሲል ትንሽዬ ይመለሳል። አሁንም እያየሁት ነው።»

«ዲመሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ዲመር የለውም። ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ጠርቼ አሳይቻለሁ። ንገረኝ እስቲ፣ ካህረባው ነው ወይስ የእኔ ጭንቅላት?»

ምን እንደምለው ሳስብ ከበስተጀርባው የአሮጊት ድምፅ ሰማሁ፣ ሩቅ፣ የተረጋጋ፣ ቤት ለገባ ሰው ሰላምታ የሚመልስ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም።»

«ካህረባ ነው» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ የራሴን ክፍል መብራት ቀና ብዬ አየሁት። አንድ አምፖል ነው፣ ዲመር የለውም። እስካሁን ደህና ነው።