የማይደርቀው በርጩማ

እመቤት ጣቷን በርጩማው ላይ አሳርፋ ስታነሳ ቫርኒሹም አብሯት ተነሳ። ጣቷ ላይ ተለጠፈ፤ በርጩማው ላይ ደግሞ አሻራዋ ቁልጭ ብሎ ቀረ።

«ኧረ አቦ!» አለች ብቻዋን። «ምን ላድርግህ?»

ስትቀባው ይህ ሦስተኛዋ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት የተሰጣ ልብስ ዞር ብለው ሳይመለሱ ይደርቃል። ይህ ቫርኒሽ ግን ካደረም በኋላ እንደ ማር ይጣበቃል። ደግሞ ያጓደለችው ነገር የለም። ዋንዛውን ከጓደኛዋ ከብሌን ጋር ጠርባ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ የኑግ ዘይት አጠጥታ፣ ዘይቱ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብቃለች። የእጅ ሥራ ክበቡ ኃላፊ ቲቸር ካሳሁን «ዘይቱ ሳይደርቅ ቫርኒሽ ብትቀቡ አይዝላችሁም» ማለቱን ከማንም በላይ የሰማች እሷ ናት። አልይዝ ሲላት ፋቀችው፣ እንደገና ቀባችው። አሁንም ያው ነው።

ሰኞ የክበቡ ሥራዎች ደብረ ብርሃን ለኤግዚቢሽን ይወጣሉ። እመቤት በዕድሜዋ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋ አታውቅም። የደጋውን ብርድ በወሬ ብቻ ስለምታውቀው ከጎረቤት ወፍራም ሹራብ ተውሳ አጣጥፋ አስቀምጣለች።

ከሁሉም በላይ የሚከነክናት ግን ትናንት በክበቡ ልጆች ፊት የሆነው ነው። ቲቸር በርጩማውን ነክቶ ፊቱን ሲያኮሳትር፣ አፏ ቀደማትና «ብሌን ላምባ ቀላቅላበት ነው» አለች። ቫርኒሹን ያመጣችው ብሌን ነበረች፤ አባቷ ዋናው መንገድ ዳር የቀለም ሱቅ አላቸው።

«እኔ? ላምባ?» አለች ብሌን ክው ብላ። «አትቀልጂ እንጂ እሙ!»

«ታዲያ ለምን አይደርቅም?»

ብሌን ወደ ቲቸር ዞራ ራሷን ነቀነቀች። ቲቸር ግን አላመናትምና ስሟን ወደ ደብረ ብርሃን ከሚሄዱት ሰረዘ። እመቤትን ግን «አድርቀሽ ካመጣሽው ትሄጃለሽ» አላት። እመቤት ያለችው ነገር እውነት መስሏታል። እውነት እንዲሆንም በጣም ፈልጋለች።

በንዴት ብርጭቆ ወረቀቱን አንስታ ቫርኒሹን እንደገና ፋቀችው። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ክንዷ እየዛለ ፋቀችው። ከዚያ ጄሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖው ወረደች፤ ውሃውም ተሰልፎ የሚጠበቅ ሆነና ተናድዳ ሄዳ ይበልጥ ተናድዳ ተመለሰች።

ስትመለስ አያቷ አባባ ገብረሚካኤል ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው በርጩማውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈውታል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚያዩት በእጃቸው ነው። መዳፋቸው እንጨቱን ዙሪያውን ያሻል። ከጎናቸው በየጠዋቱ አናታቸውን የሚቀቡበት የቅቤ ቅል ክፍት ነበር።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«መጣሽ እሙዬ? ይሄ እንጨት ተጎዳብሽ እኮ። በዳሰስኩት ቁጥር ሻክሮ አገኘዋለሁ። አዲስ በርጩማ በእንዲህ ያለ ሙቀት ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ቤታችን ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው የከረመው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቀቡት?»

«አንቺ ወጣ ስትዪ ነዋ። ሩቅ አገር፣ ሰው ፊት ይቀርባል ብለሽኝ የለ? እንዳታፍሪበት ብዬ ነው።»

እመቤት ጄሪካኑን አስቀመጠችው። እሷ በፋቀች ቁጥር እሳቸው ቅቤ ሲቀቡ ኖረዋል፤ ቅቤ የጠጣ እንጨት ላይ ደግሞ ቫርኒሽ አይደርቅም። ሽታውም ያላነቃት አባባ ባሉበት ሁሉ ቅቤ ቅቤ ስለሚል ነው። መጮህ አማራት። ግን በማን ላይ ትጩህ? ሽማግሌው እጃቸውን በቀሪው ቅቤ እያሹ ፈገግ ብለው ይጠብቋታል።

ቅሉን ብትደብቅና እንጨቱን ቅባት በሚያስለቅቅ ቲነር ጠርጋ እንደገና ብትቀባው እስከ ሰኞ ይደርስላታል። ቲቸር ምን ሆኖ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ደርቆ ሲያየው እንዲያውም «ላምባው ነበር» ይላል። ብሌን ግን ስሟ እንደጠፋ ትቀራለች።

«አባባ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን አለስልሳ። «በቃ፣ አሁን ጠጥቶ ጠግቧል።»

«ጠገበ?»

«ጠግቧል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ወደ ቤት ገብታ ሹራቡን በፌስታል ከተተች። በርጩማውን በብብቷ ይዛ፣ ባጃጆቹን እየሸሸች በዋናው መንገድ ዳር ሄደች። ብሌን በአባቷ ሱቅ ከባንኮኒው ኋላ ብቻዋን ነበረች። ስታያት ፊቷን አዞረች።

«ደግሞ ምን ቀላቀልኩብሽ?»

እመቤት በርጩማውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «አሽትቺው።»

ብሌን መጀመሪያ እምቢ አለች። ቆይታ ግን ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ቀና ስትል ግንባሯ ተቋጥሯል። «ቅቤ?»

«አባባ ናቸው። እኔ ሳላያቸው ሲቀቡት ነበር። ቫርኒሽሽ ምንም አልሆነም።»

«በሰው ፊት እኮ ነው ስሜን ያጠፋሽው። የአባቴንም ጭምር!»

«አውቃለሁ። አሁን ወደ ቲቸር ቤት እየሄድኩ ነው። ሰኞ ደግሞ ሳትነሱ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት እናገራለሁ።» እመቤት ምራቋን ዋጠች። «በቲነር ጥረጊውና ቅቢው። እዚህ ማንም ቅቤ አይቀባውም። በእኔ ቦታ ይዘሽው የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

ብሌን እጇን ወደ መደርደሪያው ሰድዳ የቲነሩን ጠርሙስ አወረደች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

እመቤት ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና ፌስታሉን ከበርጩማው አጠገብ አኖረችው።

«ደብረ ብርሃን ይበርዳል አሉ» አለች። «ሹራብ አለሽ?»