የላስቲክ ትከሻ

«ቶሎ በያ፣ መልሺልኝ። እናቴ መጥታ እንዲህ ሆኜ ካየችኝ አለቀልኝ» አለች ላስቲክ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ።

የቀኝ ትከሻዋ ክብነቱ ጠፍቶ እንደ ወንበር ጠርዝ ሹል ብሏል። ከፊት በብብቷ በኩል ደግሞ ቦታውን የሳተው አጥንት ቆዳዋን ወጥሮ ጉብ ብሏል። አብራት የገባችው ወጌሻ አየችውና ፊቷን አዞረች።

«ላስቲክ» እና «ወጌሻ» ብለው ያወጡላቸው የክፍላቸው ልጆች ናቸው። በእረፍት ሰዓት ላስቲክ ትከሻዋን ቋ አድርጋ ታወልቃለች፤ ሴቶቹ ይንጫጫሉ፣ ወንዶቹ «ይደገም» ይላሉ፤ ክንዷን ስቦ መመለስ የወጌሻ ሥራ ነው። ያ ያላበው ቆዳ፣ ከሥሩ እንደ አይጥ የሚሸሸው አጥንት፣ ሲገባ የሚያሰማው እርጥብ ድምፅ፤ እጇን ደጋግማ ታጥባም ምሳ አይወርድላትም። «አስጠላኝ» ብላ ግን አታውቅም። ከላስቲክ ሌላ እሷን ጨዋታ ውስጥ የሚያስገባት ማን አለና?

ዛሬ ጨዋታም አልነበረም። ላስቲክ ለሒሳብ ፈተና አላጠናችም። ወረቀቱ ሳይታደል አወለቀችውና «ወደቅኩ» አለች። መምህሩ ደንግጦ ለእናቷ ሊደውል ሮጠ፤ ወጌሻንም «ክሊኒክ አድርሻት» ብሎ ላካት። ላስቲክ ግን ጎትታ እዚህ መጸዳጃ ቤት አስገባቻት።

«ምን ትገተሪያለሽ? ሳቢው እንጂ።»

ወጌሻ የላስቲክን ቀኝ እጅ ያዘች። በረዶ ነው። «እስቲ ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ።»

ጣቶቹ እምቢ አሉ።

«ደንዝዘዋል። ትናንት ሹራብ ሳወልቅም በራሱ ጊዜ ወጣ። ችግር የለም፣ ለምዶታል» ብላ ሳቀች ላስቲክ።

ለምዶታል? ውሻ ነው እንዴ የሚለምደው? ወጌሻ እጇን ለቀቀች።

«አልነካውም። ያስጠላኛል። ድሮም ያስጠላኝ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ፣ መቅበጥ ዛሬ አማረሽ?»

«ተነሺ፣ ክሊኒክ እንሂድ።»

«አብደሻል? አውቄ እንዳወለቅኩት ከታወቀ ከትምህርት ቤት መባረሬ ነው። ጓደኛዬ ከሆንሽ ሳቢው።»

ወጌሻ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ የላስቲክን ክንድ ደረቷ ላይ አሰረችና ይዛት ወጣች። ላስቲክ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ስትሰድባት ሄደች።

ነርሷ ትከሻውን አይታ ፊቷን አጨማደደች። «ከዚህ በፊት ወልቆ ያውቃል?»

«ኧረ ዛሬ ገና ነው» አለች ላስቲክ፣ ወጌሻን በዓይኗ እየለመነች።

ወጌሻ ዓይኗን ከላስቲክ ወደ ነርሷ መለሰች።

«ሲስተር» አለች፣ «እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ልንገርዎት።»