አምስተኛው ማክሮ

ሰመረ መኪናውን ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት አቆመ። በሩን ቆለፈ። እጀታውን ሁለቴ ሳበ።

ሁልጊዜም ሁለቴ ነው።

ሉሊ ከሱቁ ውስጥ ሆና በመስታወቱ አየችው። ሉሊ እውነተኛ ስሟ አይደለም። በስለላው ዓለም «ምስማር» ናት፤ እሱ «አጥር»። ያሰለጠናት እሱ ነው።

መረጃ የቀዳችበትን ፍላሽ ከፓስታው እሽግ ጀርባ አስቀመጠች። ሰመረ ፓስታውን ሲያነሳ ፍላሹን አብሮ ወሰደ።

«ስንት ናቸው?» አለ፣ ዋጋ እያነበበ።

«አምስት ማክሮ። አራቱን አንብቤ ጨርሻለሁ። አምስተኛው ገና ነው።»

«አራቱን ሰርዢ። አምስተኛውን ተዪው።»

«ለምን?»

«የኛ ወጥመድ ነው።»

«ማን ነው ያጠመደው?»

«ምስማር ይመታል እንጂ አይጠይቅም» አለና ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደ።

ካዛንቺስ እስክትደርስ ድረስ ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። እዚያ ፎቅ ላይ ያለው የምትሠራበት ድርጅት ጥበቃ የሚደረግላቸው ምስክሮች የሚይዙትን የስልክ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ ምስክሩ ያለበትን ቦታ ለጠባቂዎቹ ያሳውቃል። መርጋ የተባለው ምስክር ግን ከጠባቂዎቹ በቀር ማንም በማያውቀው ቤት ተገደለ። አድራሻው ከፕሮግራሙ ሾልኮ ነበር። ሉሊ በመሐንዲስነት የገባችው ቀዳዳውን ለማግኘት ነው።

አሁን ተራው የዘይነባ ነው። ሴት ልጆችን ወደ ውጭ የሚሸጡ ደላሎች ላይ ነገ ትመሰክራለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቄራ ጀርባ ወደ ሌላ ቤት ትዛወራለች። ቀዳዳው ካልተደፈነ አዲሱም አድራሻ ይወጣል።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው። በሲ አንድ ነገር ለማስቀመጥ አስቀድሞ ከሜሞሪ ቦታ መጠየቅ ግድ ነው። ማክሮ ለዚያ ጥያቄ የሚወጣ አጭር ስም ነው። አንድ ማክሮ ይበቃ ነበር። የመጣው መሐንዲስ ሁሉ ግን የቀደመውን ሳያነብ የራሱን ጨምሮ ሄዷል። የሉሊ ሽፋን ይህንን ዝርክርክ መጥረግ ነበር። በየቀኑ የሚያናድዳትም እሱው ነው። ትርፍ ነገር በበዛበት ቤት ሌባ አይታይም።

አምስተኛውን ከፈተችው።

ቦታ ይጠይቃል። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሁለተኛ ቦታ ይጠይቃል። የምስክሩን አድራሻ በአንደኛው ያስቀምጥና ቅጂውን በሁለተኛው ያኖራል። ቅጂው ወደ ውጭ በሚላከው የብልሽት ሪፖርት ውስጥ ተደብቆ ይወጣል።

ቀዳዳው ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ዓይኗን ያዘው። ቦታ ከታጣ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆማል፤ ስለዚህ ቦታው መገኘቱን ደግሞ የሚፈትሽ የለም። ይህ ማክሮ ይፈትሻል። በሚቀጥለው መስመር እንደገና ይፈትሻል።

ሁለቴ።

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። ስልጠና ላይ ሰመረ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያስተምራቸው የጻፈው ልክ እንዲህ ነበር። ልማድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ተዪው» ያላትም ግን እሱ ነው። መስመሮቹን ፎቶ አንስታ ከሰመረ በላይ ላሉት በአደጋ ጊዜ ቁጥር ላከች።

ከዚያ ማክሮውን ሰረዘችው።

በድርጅቱ ደንብ ሁለተኛ ሰው ያላጸደቀው ለውጥ አይገባም። የአጽዳቂውም ስም ከለውጡ ጎን ይቀራል።

«ጠልሐ፣ አንድ ነገር አጽድቅልኝ።»

ከጎኗ የሚሠራው መሐንዲስ ጠልሐ ወንበሩን አዞረ። «አሁን? ምሳ እንኳ አልበላሁም እኮ።»

«አሁን።»

«አንቺ ልጅ፣ ሜሞሪ ስትጠርጊ ምሳችንንም ጠረግሽው።» ማንበብ ሲጀምር ፈገግታው ጠፋ። «ይሄኛው ምንድን ነው? ማለቴ፣ ለምን ሁለት ቦታ ይወስዳል?»

«ትርፍ ነው።»

«ትርፍ ብቻ?»

ጠቋሚውን ማጽደቂያው ቁልፍ ላይ አደረሰችለት።

«በቃ፣ አንቺን አምኜ ነው» አለና ተጫነው።

አዲሱ ፕሮግራም ወደ ዘይነባ ስልክ መጫን ጀመረ።

ሰመረ የዚያኑ ጊዜ ደረሰ። የደንበኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነኝ ብሎ ወደ መሰብሰቢያ ክፍሉ አስጠራት። በሩን ቆለፈ። ሁለቴ ሳበው።

«አምስተኛውን ነካሽው?»

«ሰረዝኩት።»

«መልሺው።» ኮቱን ገለጥ አደረገ።

ሽጉጥ።

«በሩን እንደቆለፉት ነው ኮዱንም የጻፉት» አለች። «ሁለቴ።»

ዓይኑ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

«መርጋን ሲሸጡት ልጆቹን አይተዋቸው ነበር?»

«እኔ ቦታውን ብቻ ነው የሰጠሁት። የገደሉት ሌሎች ናቸው።»

ድምፁ የተረጋጋ ነበር። ያ ነው ደሟን ያፈላው። ጥፍሮቿ መዳፏ ውስጥ ገቡ። ስልኳ ነዘረ። አየችው።

«አዲሱ ፕሮግራም የዘይነባ ስልክ ላይ ገብቷል። አልቋል» አለችው።

በሩ ተንኳኳ። ፎቶውን የላከችላቸው ሰዎች ነበሩ። ሰመረ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ፈገግ አለ።

«ሉሊ የምትባል ሴት የለችም። ቢፈልጉሽም አያገኙሽም። ጠልሐ ግን አለ። ማን እንዳጸደቀ ለደንበኛም ይደርሳል፤ እኔ ደግሞ ለደላሎቹ አስተላልፌዋለሁ።»

ሲመሽ ጠልሐ በሕንፃው ጓሮ ከቆመችው ሚኒባስ አጠገብ ነበር። እርጉዟ ሚስቱ ኑሰይባ ውስጥ ተቀምጣ አንድ ሻንጣ አቅፋለች። ጠባቂዎቹ ሊደብቋቸው የት እንደሚወስዷቸው ማንም አልነገራቸውም።

«እማዬን እንኳ አልተሰናበትኩም» አለ። «እውነተኛ ስምሽ ማን ነው?»

ልትነግረው አይፈቀድላትም።

«ትርፍ ነው አልሽኝ» አለ። ገብቶ በሩን ዘጋው።

በማግስቱ ዘይነባ መሰከረች። ደላሎቹ ችሎት ፊት አንገታቸውን ደፉ።

በዚያው ቀን ሉሊ የነበረችው ሴት ኦሎምፒያ ላይ ታክሲ ያዘች። «እህቴ፣ ጠጋ በይ» አላት ረዳቱ። ተጠጋች። ማንም አላያትም።

አዲሷ አከራይ ስሟን ጠየቀቻት። የመጣላትን ተናገረች። ክፍሏ ገብታ በሩን ቆለፈች። እጀታውን ሳበችው።

እጇ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ።

በሌላው እጇ ጨምድዳ ያዘችው።